ይድረስ ለወንድሜ፣ ከጅማ

ሰላም ነህ ወይ? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ። ከጠፋሁ ቆየሁ። አንተም አልደወልክም፤ ስለዚህ አንወቃቀስ። የጅማን ዝናብ ታውቀዋለህ፣ እንደለመደበት ነው።

ቀረጻ እንደጀመርክ ሰማሁ። የሚያብለጨልጭ ነገር መከራህን እያሳየህ ነው አሉ። እኛም እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ በሰው ሳሎን አጭር ድራማ እየቀረጽን ነው። ባለመስታወት ቡፌ፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቲቪ፣ መስታወት የገባለት የሠርግ ፎቶ፣ ቫርኒሽ የተቀባ የጅማ በርጩማ፤ ሁሉም አንድ ላይ። ካሜራው ሲነሳ ከተዋናይዋ ይልቅ የሚተውነው የእኛ መብራት ነበር!

ገንዘብህን ሳታወጣ መጀመሪያ አንግሉን እይ። ብርሃን መስታወት ላይ ባረፈበት ማዕዘን ልክ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ መብራቱ፣ ካሜራው ወይም ዕቃው ትንሽ ዞር ካለ ብዙው ያልቃል። ከፎቶው ፍሬም በላይ በኩል፣ ከጀርባው፣ የታጠፈ ካርቶን ሰካን። ፍሬሙ ወደ ወለሉ አጎነበሰና መብራቱ ከውስጡ ጠፋ። የቡፌውን በር ደግሞ ገርበብ አደረግነው። ቲቪው ግን አይንቀሳቀስም። የሚያየው ነገር ጥቁር እንዲሆን ከፊት ለፊቱ ጥቁር ጨርቅ ወጠርን፣ ካሜራ ማኑም ጥቁር ለበሰ።

አስቸጋሪው ሲኒ ነው። ክብ ስለሆነ ብታዞረውም መብራቱን አይለቅም። እዚህ ላይ መብራቱን ማስፋት ይሻላል። አቡጀዲ ከመብራቱ ራቅ አድርገህ ወጥር፤ ያቺ ዓይን የምትወጋ ነጥብ ሰፍታ ትለሰልሳለች። ጨርሰህ አታጥፋት ግን። ምንም የማያበራ ሲኒ ሲኒ አይመስልም።

ነጸብራቅ ማደብዘዣ ስፕሬይ ይዘው የመጡ ልጆች ነበሩ። የቤቱ እመቤት ቡፌያቸው ፊት ቆመው «ልታጸዱልኝ ነው ልታቆሽሹብኝ?» አሏቸው። እውነታቸውን ነው። የሰው ቫርኒሽ ላይ አይነፋም፣ ቡና የሚጠጣበት ሲኒ ላይማ ጭራሽ።

ሌንስ ፊት የሚገጠመው ነጸብራቅ ቀናሽ መስታወት፣ ፖላራይዘር ፊልተር፣ ለመስታወት፣ ለውሃና ለቫርኒሽ ፍቱን ነው። ግን ፊት ለፊት ከቆምክ ምንም አይሠራልህም። ለመስታወት ከገጹ ወደ 35 ዲግሪ ገደማ በሆነ አንግል ወደ ጎን ስትሆን ነው ኃይሉ የሚታየው። ለራቁት ብረትም እምብዛም አይረዳም። ከአንድ እስከ ሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑ በግማሽ ሲቀንስ ነው) ብርሃን ይበላል፤ በዝናብ ቀን ሳሎን ውስጥ ይሄ ቀላል አይደለም።

ተዋናይህ መነጽር ካደረገ እጀታውን ከጆሮው በላይ ትንሽ ከፍ አድርግለት፣ ሌንሱ ወደ ታች ያዘነብላል። ሌንሱን አውልቆ መቅረጽም አለ፤ እኔ ግን አልወደውም፣ ቀረብ ስትል ያስነቃል።

እንግዲህ ጉዳዬን ልንገርህ። ያ ፖላራይዘርህ ስፋቱ ስንት ሚሊ ሜትር ነው? የእኔ ሌንስ መግጠሚያው 77 ነው። ከገጠመ በሚመጣ ሰው ላክልኝ፤ በዚያው ሰው ቡና እልክልሃለሁ።

ወንድምህ