ምክርሽን የሚሻ ጉዳይ

ውድ እህቴ፣

ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን አጥፍቼ ድንገት ጉዳይ ይዤ መምጣቴ ያሳፍረኛል። ሳትቆጪ ይቅርታ እንደማታደርጊ ስለማውቅ፣ ቁጣሽን ለመልስሽ መጀመሪያ አቆዪውና ወደ ነገሬ ልለፍ።

በማይድን በሽታ ቤታቸው የተኙ ሰዎችን ከሚደግፉ የአካባቢያችን በጎ ፈቃደኞች ጋር መሥራት ጀምሬያለሁ። መድኃኒቱን የምትከታተለው ነርሷ ናት፤ እኛ ታማሚውን እናገላብጣለን፣ የደረቀ ከንፈሩን እናረጥባለን፣ አስታማሚው ጥቂት እንዲተኛ አጠገቡ እንቀመጣለን። በህንድ የኬረላ ግዛት ጎረቤቶች ሠልጥነው ይህንኑ ሥራ እንደሚሠሩ ስሰማ፣ አንቺ ከነርስነትሽ መጀመሪያ አንሥቶ ትመኚው የነበረው ነገር መሆኑ ትዝ አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እንዲህ ያለ ሥቃይን የሚያቀል የማስታገሻ እንክብካቤ ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች የሚያገኙት 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው።

የጻፍኩልሽ ግን ስለ አንድ ቤት ነው። የታማሚውን ስም አልነግርሽም፤ ምስጢር ልጠብቅ ቃል ገብቻለሁ። ካንሰሩ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ባለቤታቸው በር ላይ ተቀብለውኝ፣ «አደራሽን ልጄ፣ በሽታው ምን እንደሆነ አያውቅም» ይሉኛል። እሳቸው ደግሞ ባለቤታቸው ወደ ጓዳ ገባ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንደማልድን አውቃለሁ፤ ለእሷ እንዳትነግሪያት፣ አትችለውም» ይሉኛል። ሁለቱ አንዱ ለሌላው ሲሉ ዝም ብለዋል፤ የሁለቱም አደራ እኔ ዘንድ ነው።

በየአራት ሰዓቱ እንዲወስዱ የታዘዘላቸውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ፣ የሞርፊን ፈሳሽ፣ ባለቤታቸው ሱስ ይሆንባቸዋል ብለው ፈርተው ሕመሙ እስኪብስ ያቆዩባቸው ነበር። በፈቃዳቸው ለነርሷ ነገርናት፤ መድኃኒቱ በሰዓቱ ሲሰጥ ሕመሙ ሳይነሣ እንደሚያዝ፣ በሐኪም ትእዛዝና ክትትል ለእንዲህ ያለ ሕመም ሲወሰድም ሱሱ ያን ያህል እንደማያሰጋ፣ ይልቅ ሆድ ድርቀት እንዳያመጣ አብሮ መድኃኒት መወሰድ እንዳለበት በትዕግሥት አስረዳቻቸው። አሁን ታማሚው እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን ለማይድኑ ሕሙማን ማስታመሚያ የሆነውን የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ የከፈቱት ሲሲሊ ሳንደርስ የታማሚ ሥቃይ የሥጋ ብቻ ሳይሆን የስሜት፣ የማኅበራዊ ኑሮና የመንፈስም እንደሆነ ያስተምሩ ነበር፤ ነገሩ የገባኝ የአጥንታቸው ሕመም ጋብ ብሎ እሳቸው ግን ግድግዳውን ሲያዩ የሚውሉ መሆኑን ሳይ ነው።

የአንዱን ምስጢር ለሌላው ማውጣት የእኔ ፈንታ አይደለም፤ በዚህ አልጠራጠርም። ነገር ግን የሚነጋገሩበት ጊዜ እያለቀ ዝም ብሎ መቀመጥ እንክብካቤ ነው ለማለት ልቤ አይፈቅድልኝም። ያሰብኩት እሳቸውን ለብቻቸው፣ «ባለቤትዎ ቢያውቁ ምን ይሆናሉ ብለው ይፈራሉ?» ብዬ መጠየቅ፣ ፈቃዳቸው ከሆነም ነርሷ ባለችበት ሁለቱን ማቀራረብ ነው። ነርሷ ሐሳቡን አልጠላችውም፤ የመጀመሪያዋ ቃል ከማን አፍ ትውጣ የሚለው ግን ለሁለታችንም ግልጽ አልሆነልንም።

አሁን የምጠይቅሽን ለመጻፍ ብዙ አመንትቻለሁ፤ ካልፈለግሽ እለፊው። እናትሽ ታመው ሳሉ አንቺና እሳቸው ሁሉን በግልጽ መነጋገር መጀመራችሁን አውቃለሁ፤ እንዴት እንደጀመራችሁት ግን ያን ጊዜ ልጠይቅሽ አልደፈርኩም። ማን ቀደመ? አንቺ ነሽ ወይስ እሳቸው? ምን በማለት?

ሐሙስ ተራዬ ስለሆነ ወደ እነሱ እሄዳለሁ፤ ከዚያ በፊት ሁለት መስመርም ቢሆን ጻፊልኝ።

የምትወድሽ ጓደኛሽ