በተማሪዎች ዓምድ የወጣው የሬንጅ መልስ ይታረም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ለሚጠብቁ ተማሪዎች በምታቀርቡት ዓምድ፣ ባለፈው እትም ከወጡት የሒሳብ ጥያቄዎች መካከል የአንድን ግራፍ ሬንጅ፣ ማለትም ዋይ የሚይዛቸውን ዋጋዎች ሁሉ፣ ለሚጠይቀው የተሰጠው መልስ ስሕተት ስላለበት ይህን ጽፌአለሁ። ስሕተቱ የአንዲት ቅንፍ ቢሆንም፣ በምርጫ ፈተና ላይ [−1፣ 8) እና [−1፣ 8] ሁለት የተለያዩ ፊደላት ይዘው የሚመጡ አማራጮች ናቸው፤ ካሬው ቅንፍ የጫፉን ቁጥር ያካትታል፣ ክቡ ግን አያካትትም።

ግራፉ የዋይ = ኤክስ² − 1 ፓራቦላ ሲሆን፣ የተሳለው ኤክስ ከ−3 እስከ 3 ባለው ክፍል ብቻ ነው። በግራ ጫፉ ላይ የተሞላ ነጥብ፣ በቀኝ ጫፉ ላይ ባዶ ክብ ይታያል፤ ሁለቱም ጫፎች 8 ላይ ናቸው። ዓምዱ ሬንጁን [−1፣ 8) ብሎታል። ባዶው ክብ የሚነግረን ግን ኤክስ 3 ሲሆን ፈንክሽኑ ዋጋ እንደሌለው ብቻ ነው። 8ን ግራፉ በወዲያኛው ጫፍ፣ ኤክስ −3 ሲሆን ደርሶበታል፤ አንድ ቁጥር ከሬንጅ የሚወጣው ደግሞ ግራፉ በየትኛውም ቦታ ሳይደርስበት ሲቀር ነው። ስለዚህ ትክክለኛው ሬንጅ [−1፣ 8] ነው። እንደምገምተው አዘጋጁ ክቡን ቅንፍ ያመጡት ከዶሜይኑ፣ ማለትም ኤክስ ከሚይዛቸው ዋጋዎች ነው፤ ዶሜይኑ በእርግጥ [−3፣ 3) ነውና።

እኔ ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን ማስመሪያ አጋድመው ከገጹ ግርጌ ወደ ላይ ቀስ እያሉ እንዲገፉት አደርጋለሁ። በዚህ ግራፍ ላይ ማስመሪያው መጀመሪያ መስመሩን የሚነካው −1 ላይ፣ ፓራቦላው በሚታጠፍበት ቦታ ነው፤ ከዚያ በኋላ በየደረጃው እየነካ ይሄድና 8 ላይ ሲደርስ በቀኝ ባዶውን ክብ ቢያገኝም በግራ የተሞላውን ነጥብ ያገኛል። ማስመሪያው መሐል ላይ ምንም የማይነካበት ክፍተት ካለ ሬንጁ በሁለት ኢንተርቫል (የቁጥር ክልል) ተከፍሎ በዩኒየን (በ∪ ምልክት ተያይዞ) ይጻፋል። ግራፉ ማለቂያ ሳይኖረው ወደ ኢንፊኒቲ የሚሄድ ከሆነ ደግሞ በዚያ በኩል ቅንፉ ምንጊዜም ክብ ነው።

ያው ፓራቦላ ከ−2 ጀምሮ ቢሳል ኖሮ የግራው ጫፍ 3 ላይ ስለሚቀር፣ 8ን የሚነካ ሌላ ነጥብ አይኖርም ነበርና [−1፣ 8) ትክክል ይሆን ነበር። በነገራችን ላይ በዚህኛው ግራፍ ብዙ ተማሪ [3፣ 8) ብሎ ይጽፍልኛል፤ የሁለቱን ጫፎች ከፍታ ያነብና ታች ያለውን መታጠፊያ ይረሳዋል። እንዲህ ያለውን ተማሪ ማስመሪያው ቶሎ ያርመዋል፤ በጋዜጣ ታትሞ የወጣን መልስ ያመነ ተማሪ ግን የገዛ ማስመሪያውን ይጠራጠራል።

ዓምዱን ቆርጠው ደብተራቸው ላይ የሚለጥፉ ተማሪዎች ስላሉ፣ ማረሚያው በዚያው ገጽ ከነግራፉ እንዲወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር
ከአዲስ አበባ