የኢኮኖሚ ሕግ ክበብ በ2017፦ ገበያውም የኔ፣ ሱቁም የኔ

ዘንድሮ መስከረም መጨረሻ ላይ ስንጀምር 9 ልጆች ነበርን፣ ሰኔ ላይ 23 ደርሰናል፣ ይሄን እንደ ክበቡ መምህር መጀመሪያ ልበለውና ወደ ዋናው ልግባ። ረቡዕ ረቡዕ ከክፍል በኋላ ላይብረሪው ጀርባ ያለችው ክፍል ነው የምንሰበሰበው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ውጪ ደረጃው ላይ። የኢኮኖሚ ሕግ ሲባል ብዙ ልጅ ታክስ ምናምን ይመስለዋል፣ እኛ ግን ዓመቱን ሙሉ የቆየነው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ገበያውን የያዘው ሰው ራሱም እዛው ገበያ ውስጥ ሲነግድ ምን ይደረግ? ስልካችን ላይ ያሉት አፖች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው እዚሁ ጥያቄ ላይ ይመጣሉ።

አጀማመራችን ጥሩ ጊዜ ላይ ገጠመልን። ጳጉሜን 5 ቀን 2016፣ እኛ እዚህ ለአዲስ ዓመት ዶሮ ስንገዛ፣ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ጉግል ላይ የተጣለውን የ2.42 ቢሊዮን ዩሮ ቅጣት አጸናው። ከነገሩ መነሻ ላይ ያሉት አዳም ራፍና ሺቮን ራፍ የሚባሉ ብሪታንያ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ፋውንደም የሚባል የዕቃ ዋጋ የሚያወዳድር ዌብሳይት ከፈቱ፣ በቀናት ውስጥ ጉግል ሰርች ላይ ወደ ታች ወረደባቸው፣ ሰው ደግሞ እስከ አምስተኛና ስድስተኛ ገጽ ድረስ ሄዶ አይፈልግም፣ የጉግል የራሱ ማወዳደሪያ ግን ከላይ በፎቶ ተሰልፎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2009 ለአውሮፓ ኮሚሽን (ለኅብረቱ አስፈጻሚ አካል) አመለከቱ፣ ቅጣቱ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2017፣ የመጨረሻው ፍርድ እ.ኤ.አ. በ2024። ፋውንደም ራሱ እ.ኤ.አ. በ2016 ተዘግቷል። ዓመቶቹን ቦርዱ ላይ በተርታ ስጽፋቸው ከኋላ የተቀመጠ የ10ኛ ክፍል ልጅ «ቲቸር፣ እነሱ ሲያመለክቱ እኔ ገና ዳዴ ነበርኩ» አለ፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ፍርዱ ደረሰ፣ ሱቁ ግን የለም።

አውሮፓ የዲጂታል ገበያዎች ሕግን ያወጣችው በዋናነት ለዚህ ነው። የድሮው የውድድር ሕግ ጥፋት እስኪፈጸም ጠብቆ ከዛ ይመረምራል፣ አዲሱ ግን አስቀድሞ ትልልቆቹን በስም ይለይና ይሄን አድርጉ ይሄን አታድርጉ ይላቸዋል። ከመለኪያዎቹ መካከል ኅብረቱ ውስጥ በወር ቢያንስ 45 ሚሊዮን ተጠቃሚ እና በዓመት ቢያንስ 10,000 ነጋዴ ተጠቃሚ መያዝ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. መስከረም 2023 ላይ መጀመሪያ የተለዩት ስድስት ናቸው፦ አልፋቤት (የጉግል ባለቤት)፣ አማዞን፣ አፕል፣ ባይትዳንስ (የቲክቶክ ባለቤት)፣ ሜታ (የፌስቡክ ባለቤት) እና ማይክሮሶፍት። ጌትኪፐር ነው የሚሏቸው፣ ልጆቹ «ዘበኛ» አሏቸው፣ ስሙ እዛው ቀረ። ጥፋት ከተገኘ ቅጣቱ ከዓለም አቀፍ ዓመታዊ ሽያጫቸው እስከ 10 በመቶ ይሄዳል። ልክ የፋሲካ ሳምንት፣ ሚያዝያ 15 ቀን 2017 አፕል 500 ሚሊዮን፣ ሜታ 200 ሚሊዮን ዩሮ ተቀጡ፤ አፕል አፕ የሚሠሩ ሰዎች ለደንበኛቸው «ውጪ በርካሽ ታገኙታላችሁ» ብለው በነፃነት እንዳይናገሩ ስለከለከለ ነው። ይሄንን ልጆቹ ወዲያው ነው የገባቸው።

የኛንም አገር ሕግ አንብበናል፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ን፣ ነጋሪት ጋዜጣውን ፕሪንት አድርገን በአማርኛው ዓምድ ጣታችንን እያስኬድን። አንድ ሙሉ ረቡዕ የፈጀብን አንድ ቃል ነው፣ «ያላግባብ» የሚለው። ሕጉ በገበያ የበላይነት መያዝን አይከለክልም፣ የበላይነትን ያላግባብ መጠቀምን ነው የሚከለክለው፣ ትልቅ መሆን በራሱ ጥፋት አይደለም። ይሄን ልዩነት ጨብጦ የወጣ ልጅ ሌላውን ራሱ ማንበብ ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አሁን ወደ ሳምቡሳው። የካቲት ላይ በወላጆች ቀን የ11ኛ ክፍል ልጆች ባዛር አዘጋጁ፣ ለሌሎች ክፍሎች ጠረጴዛ አከራዩ፣ ክፍያው ደግሞ በኩፖን ነበር፣ ኩፖኑ የሚሸጠውና የሚመዘገበው አዘጋጆቹ ጋ ነው። እኩለ ቀን ላይ መዝገቡን ሲያዩ የአንዷ የክበባችን ልጅ ሳምቡሳ በጣም እየሄደ ነው፣ ከአዘጋጆቹ ሁለት ልጆች ሮጠው ወጡና ሳምቡሳ በካርቶን ይዘው መጡ፣ በሩ ላይ ኩፖን ጠረጴዛው አጠገብ ደረደሩት። የልጅቷ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ነበር፣ ማታ ሳፋው እንደሞላ ይዛው ወደ ቤት ሄደች። ረቡዕ ከወንበሯ ሳትቀመጥ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ የነፋውንደም ነው!» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ እንዲያውም ሁለት ነገር ነው የተደረገባት። አንደኛው የራስን ዕቃ ከፊት ማስቀደም ነው፣ ሁለተኛው የሌላውን ሽያጭ መዝገብ እያዩ እሱኑ መወዳደር። በሁለተኛው የአውሮፓ ኮሚሽን አማዞንን መርምሮት፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 አማዞን የሻጮቹን ይፋ ያልሆነ መረጃ ለራሱ ንግድ ላለመጠቀም ቃል ገብቶ ነው ያለቀው። እኛም ችሎት አቆምን፣ ዳኞቹ አምስት የ12ኛ ክፍል ልጆች፣ ሁለት ረቡዕ ፈጀ። ከአዘጋጆቹ አንዱ በደንብ ተከራከረ፦ «ቦታውን የለፋንበት እኛ ነን፣ ማንንም አላባረርንም፣ ገዢውም በ5 ብር ርካሽ አግኝቷል።» ርካሽ ማግኘቱ ቀላል ክርክር አይደለም፣ ዳኞቹም ከባድ ሆኖባቸው ነበር። ልጅቷ የመለሰችው «ልፋታችሁን በኪራይ ከፍያችኋለሁ፣ መዝገቤን ግን አልሸጥኩላችሁም» ብላ ነው።

ውሳኔው ቅጣት አልነበረውም፣ ለቀጣዩ ባዛር ደንብ ጻፉ፦ የጠረጴዛ ቦታ በዕጣ ይሁን፣ ኩፖን የሚመዘግብ ሰው በዛ ቀን አይነግድ፣ ክፍያ ከተቀየረ ከሳምንት በፊት ይነገር። የመጨረሻውን ያስገባው አባቱ በአፕ ታክሲ የሚሠራ ልጅ ነው። ውሉን ከአባቱ ስልክ ላይ አንብቦልን ነበር፣ አፑ ከሾፌሩ የሚቆርጠው ኮሚሽን ያለ ማስታወቂያ በማንኛውም ጊዜ ሊቀየር ይችላል ይላል፣ አባቱ እስከዛ ቀን አላነበቡትም ነበር። የአውሮፓ ደንብ 2019/1150 እንዲህ ላለው የውል ለውጥ ቢያንስ የ15 ቀን ማስታወቂያ ይጠይቃል ስለው ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጽፎ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

የ12ኛ ክፍሎቹ ከሚያዝያ በኋላ ለማትሪክ ዝግጅት ስለተለዩን ክርክሩን ታናናሾቹ ያዙት። ለ2018 የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ነው የመረጡት። መመዝገብ የምትፈልጉ መስከረም የመጀመሪያው ረቡዕ ላይብረሪው ጀርባ ኑ፣ ስትመጡ ስልካችሁ ላይ ካሉት አፖች «እስማማለሁ» ብላችሁ ያለፋችሁትን አንድ ውል ፕሪንት አድርጋችሁ ያዙ፣ ከሱ ነው የምንጀምረው።