ሙቀት ለብስክሌት ነጂ ቆዳ መለኪያ አይሆንም

ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በቅርቡ በጋዜጣችሁ በሞቃት ወቅት ብስክሌት ስለ መንዳት የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ስለ መጠጥ ውሃና ስለ ራስ ቁር የተሰጠው ምክር የሚያስመሰግን ነው። ስለ ቆዳ የተባለው ግን «ሙቀቱ ሲበረታ ጥላ ፈልጉ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ በመሆኑና እሱም ቢሆን አንባቢን የሚያሳስት ሆኖ ስላገኘሁት፣ ለብዙ ዓመታት ብስክሌት እንደ ነዳ ሰው ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ቆዳን የሚያቃጥለው ዐይን የማያየውና ገላም የማይሰማው አልትራቫዮሌት ጨረር ነው። ጨረሩና ሙቀቱ ከአንዲት ፀሐይ ቢመጡም እኩል አይውሉም፤ ጨረሩ የሚበረታው ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሲሆን፣ አየሩ ይበልጥ የሚግለው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ቆዳው ሲለበልበው ወደ ጥላ ይሸሻል። ብስክሌት ነጂው ግን ራሱ በሚፈጥረው ነፋስ ላቡ እየደረቀና ገላው እየቀዘቀዘ ስለሚጓዝ፣ መቃጠሉን የሚያውቀው ከቃጠሎው በኋላ ነው። ስስ ደመናም አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል፤ ዳገት ለሚወዱ ደግሞ በየ1,000 ሜትር ከፍታው ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

እኔም አንድ ቀን ሰማዩ ስስ ደመና እንደ ለበሰ፣ እጅጌ በሌለው ልብስ ለአራት ሰዓት ያህል ነዳሁ። በመንገድ ላይ አንዳች የመቃጠል ስሜት አልነበረኝም፤ እንዲያውም ስለ አየሩ ቅዝቃዜ ፈጣሪዬን ሳመሰግን ነበር። ማታ የሸሚዜ አንገትጌ ማጅራቴን ሲነካው ግን ፍም እንዳረፈበት ሰው ዘለልሁ። በማግሥቱ መሪ ጨብጦ የዋለው የእጄ ጀርባ ከአንጓው እስከ ጣቶቼ ሥር አብጦ ተገኘ፤ መላጣዬ ላይ ደግሞ የራስ ቁሩ አየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች መስመር በመስመር ታትመውበታል። ቤተሰቡን ሁሉ ያሳቀው ይህ ማኅተም ተላጥቶ እስኪጠፋ ከሳምንት በላይ ፈጀ።

ጎንበስ ብሎ የሚነዳ ሰው ለፀሐይ አስጥቶ የሚውለው ማጅራቱን፣ የጆሮውን ጫፍ፣ የእጁን ጀርባ፣ ከጉልበቱ ከፍ ብሎ ያለውን ጭኑንና ባቱን ነው፤ ቅባት ስንቀባ ግን ከፊታችን ብዙም አንርቅም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ከቅባት ይልቅ ልብስ ይቀድማል፦ ስስ ረጅም እጅጌ፣ ጓንትና ከራስ ቁሩ ሥር ወርዶ ማጅራትን የሚሸፍን ጨርቅ። «ዩፒኤፍ 50» የሚል የጨረር መከላከያ መለኪያ ምልክት ያለው ልብስ ከጨረሩ የሚያሳልፈው ቢበዛ 2 በመቶውን ነው፤ ስስ ነጭ የጥጥ ካናቴራ ግን በላብ ሲርስ የበለጠ ያሳልፋል።

ልብስ ለማይደርስበት ቦታ የፀሐይ መከላከያ ቅባት ግድ ነው። በዕቃው ላይ «ኤስፒኤፍ» ተብሎ የሚጻፈው የመከላከል መለኪያው 30 የሆነው ቅባት ለቆዳ መቅላት ዋና ምክንያት ከሆነው ጨረር 97 በመቶ ገደማውን፣ 50 የሆነው ደግሞ 98 በመቶ ገደማውን ስለሚያግድ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ብዙዎች እንደሚገምቱት ሰፊ አይደለም። ሰፊው ልዩነት በአቀባባችን ላይ ነው፤ ቁጥሩ የተለካው በወፍራሙ ተቀብቶ ሲሆን እኛ ግን የዚያን ግማሽ እንኳ አንቀባም። በየሁለት ሰዓቱ፣ ላብ ከበዛም ከዚያ በፊት መድገም ያስፈልጋል። ከቅንድብ በላይ በብዛት መቀባትን ግን አልመክርም፤ ላብ አውርዶት ዐይን ውስጥ ሲገባ፣ በተለይ በቁልቁለት ላይ፣ የሚያስከትለው አደጋ ከፀሐዩ ይብሳልና ግንባርን ከራስ ቁሩ ሥር ለሚደረግ ባለ ጥላ ቆብ መተው ይሻላል።

«ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይፈራም» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም፣ ሜላኒን፣ የተሻለ መከላከያ እንደሚሰጥ እሙን ነው፤ ሆኖም ማድያትንና የቆዳ ያለ ጊዜው መሸብሸብን አያስቀርም፤ የቆዳ ካንሰርም ጥቁር ቆዳ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲከሰት፣ ማንም ስለማይጠረጥረው ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ከዝግጅት ክፍሉ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአየር ሁኔታ ዓምዳችሁ የዕለቱን ሙቀት በዲግሪ ይነግረናል፤ ስለ ጨረሩ ግን ምንም አይልም። የዓለም ጤና ድርጅት የጨረሩን ብርታት የሚያሳየው የአልትራቫዮሌት መለኪያ ቁጥር 3 ሲደርስና ከዚያ ሲያልፍ መከላከያ እንዲደረግ ይመክራል። ይህ ቁጥር ከሙቀቱ ጎን በየዕለቱ ቢታተም፣ ማለዳ ብስክሌቱን ከማውጣቱ በፊት ጋዜጣ የሚገልጥ ሰው እጅጌውን ለመምረጥ ይበቃዋል፤ የሚወስደውም ቦታ ከአንድ ወይም ከሁለት አኃዝ አይበልጥም።

ከአክብሮት ጋር፣
ብስክሌት ነጂ አንባቢያችሁ