የክበባችንን አርማ ለመምረጥ ቅዳሜ እንገናኝ

ሰላም የተፈጥሮ ክበባችን አባላት፣

የክበባችንን አርማ የምንመርጠው በመጪው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ደብረ ብርሃን በተለመደው መሰብሰቢያ ክፍላችን ነው። ብርዱ ከባድ ስለሆነ ጋቢ ደርባችሁ ኑ። ሁላችሁም የመረጣችሁትን እንስሳ ወይም ተክል በወረቀት ስላችሁ ወይም ፎቶውን ይዛችሁ ኑ።

ኤሊ አርማ የሆነበት ቦታ አለ ስል «ኤሊ ደግሞ ምን አርማ ይሆናል?» ላላችሁ፦ በአሜሪካ ሚሺጋን የ5ኛ ክፍል ተማሪዎች ግዛታቸው ከተሳቢ እንስሳት ወገን አርማ እንደሌላት አስተዋሉ። ጉዳዩን ገፉበት፤ በ1995 እ.ኤ.አ. አንዲት የውሃ ኤሊ አርማ ሆነች። አንገቷ ላይ ቢጫ መስመር፣ የድንጋይዋ (የጠንካራ ልባሷ) ጠርዝ ላይ ቀይ ምልክት አላት። የብርዱን ወራት በረዶ በጋገረው ኩሬ ሥር አየር ሳትስብ ትከርማለች። በሰውነቷ የሚጠራቀመውን አሲድ የምታረግበው ከድንጋይዋ በሚወጣ ማዕድን ነው። በጣም ትገርማለች!

እኛ ጋ ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮም አለ። የእኔ ድምፅ ግን ለጓሳ ሣር ነው። የመንዝ አባቶች ቤታቸውን የከደኑበት፣ ቀሮ በሚባለው ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት እሱን ነውና።

መምጣት አለመምጣታችሁንና ምርጫችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ ጻፉልን። ቅዳሜ የማይመቸው ሰው ምርጫውን ከነምክንያቱ በድምፅ ይላክልን፤ ስብሰባው ላይ እናሰማለታለን።