ማንም ኪት ላላወጣላቸው የጭነት መኪናዎች፦ የድጋፍ ጥሪ

ሞዴል መኪና ለምትሠሩ፣ ጀምራችሁ ላቆማችሁ፣ የሌላውን እጅ ሥራ ማየት ለምትወዱም ሁሉ፤

አንድ የጋራ መሥሪያ ክፍል ለማቋቋም ድጋፋችሁን እንጠይቃለን። ክፍሉ ትነቱን ወደ ውጭ የሚያወጣ የቀለም መርጫ ቦታ ይኖረዋል፤ ሬዚን (ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) የሚፈስበት የፎርማ ጠረጴዛ ይኖረዋል፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ የሚወስደው የልኬት፣ የንድፍና የፋይል ክምችትም ይኖረዋል። ገንዘቡን የሚበሉት የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። እኛን ያነሳሳን ግን ሦስተኛው ነው።

ኪት የምንለው በሳጥን የሚሸጥ፣ ተገጣጥሞ ሞዴል የሚሆን የፕላስቲክ ክፍሎች ስብስብ ነው። መደርደሪያው ፊት ቆሞ ያየ ሰው የሚበዛው ምን እንደሆነ ያውቃል። ፌራሪና ፖርሽ አለ፤ አፍንጫው የረዘመ የአሜሪካ ጭነት መኪና ፒተርቢልት አለ፤ የጣሊያኑ ኪት አምራች ኢታለሪ በ1/24 (ከእውነተኛው 24 ጊዜ አሳንሶ) ያወጣቸው የአውሮፓ ጎታቾች አሉ። ድንጋይ ሲያመላልስ የሚውለው ገልባጭ፣ የውሃ ቦቴው፣ ስፖንዳው የተላላጠው መካከለኛ የጭነት መኪና ግን በስንት ፍለጋ ነው የሚገኘው። በኩባንያዎቹ አንፈርድም። የቀለጠ ፕላስቲክ በግፊት የሚገባበት የብረት ፎርማ እጅግ ውድ ነው፤ ወጪው የሚመለሰው ብዙ ሺህ ሳጥን ከተሸጠ ነው። ስለዚህ ሰው በምኞት የሚያየው መኪና ኪት ይወጣለታል፣ ሰው ሠርቶ የሚያድርበት መኪና ይቀራል።

ይህን ሁለተኛውን የሚወድ ሰው ከባዶ ይሠራዋል። ሜትር ይዞ እውነተኛው መኪና ሥር ይገባል፤ ሹፌሩን አስፈቅዶ ባሌስትራውን፣ ቸርኬውን፣ በጎማና በጎማ መካከል ያለውን ርቀት ይለካል፤ ከዚያ ቤቱ ገብቶ የፕላስቲክ ሉህ ሲቆርጥ፣ ሲያጣብቅ፣ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈትግ ወራት ያልፋሉ። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው አንድ ሞዴል ነው። ልኬቱ እዚያው ደብተሩ ላይ ይቀራል። ሰውየው ሥራውን ሲተው ወይም በሞት ሲለይ፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ቤተሰቡ ስለማያውቅ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል። ሌላው ደግሞ ያንኑ መኪና ለመለካት እንደገና ይንበረከካል። እኛን የሚያንገበግበን ይህ ነው።

ለመጀመሪያ ዙር የመረጥነው ሦስት የኋላ አካል ነው፦ የገልባጭ ካሶኒ ከነማንሻው፣ የውሃ ቦቴ፣ እንዲሁም ስፖንዳው በማጠፊያ የሚወርድ ካሶኒ። ሦስቱም በገበያ ላይ ባሉ የ1/24 ኪቶች ሻንሲ ላይ እንዲገጠሙ ሆነው ይነደፋሉ። ጋቢናውን ለጊዜው አልነካነውም። የጋቢና ጥምዝ፣ የመስታወቱና የበሩ መግጠሚያ ራሱን የቻለ ጣጣ ስላለው፣ እጃችን ሳይፈታ ብንጀምረው ገንዘባችሁን በማይገጥሙ በሮች ላይ እንጨርሰዋለን።

ለምን 1/24 ብላችሁ የምትሞግቱ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ እኛም መሐል ተሟግተንበታል። 1/24 የመጣው ከእንግሊዝ መለኪያ ነው፤ የእውነተኛው መኪና አንድ ጫማ ሞዴሉ ላይ ግማሽ ኢንች ይሆናል። የአሜሪካ ኪቶች ደግሞ በብዛት 1/25 ናቸው፤ መኪና አምራቾች ለማስተዋወቂያ ያሠሯቸው ከነበሩት ትናንሽ ሞዴሎች የተወረሰ ነው። ልዩነቱ 4 በመቶ ነው። 1 ሜትር ቁመት ያለው የጭነት መኪና ጎማ በአንዱ 42 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በሌላው 40 ይሆናል። ጎን ለጎን ሲቆሙ ያስታውቃል፤ ካሶኒ ላይ ግን ዓይኑ የሰላ ሰው ካልሆነ አያየውም። የ1/25 ሰዎች አትቀየሙን፤ ፋይሉን በ96 በመቶ ማተም ነው፣ አለቀ።

ከልኬቱ ይልቅ የሚያስቸግረው ውፍረት ነው። የከባድ መኪና ሻንሲ ብረት ውፍረቱ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ በ1/24 ከሚሊ ሜትር አንድ ሦስተኛ ብቻ ይደርሰዋል። ኪት ውስጥ የሚመጣው ፕላስቲክ ግን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ወደ እውነተኛው መኪና ብንመልሰው 24 ሚሊ ሜትር ብረት ማለት ነው፣ ታንክ እንጂ የጭነት መኪና አይሆንም። ብዙ የእጅ ሥራ ሞዴል ሻካራ ሆኖ የሚታየው ከዚህ የተነሳ ነው፤ የሠሪው ድካም አንሶ አይደለም። ጠርዙ ለዓይን የሚጋለጠውን፣ ማለትም የስፖንዳ ከንፈር፣ ፓራፋንጎና የመሰላል ደረጃ፣ በአሲድ ከሚበላ ስስ የነሐስ ሉህ ልናወጣ ያሰብነው ለዚህ ነው። 0.2 ሚሊ ሜትር ነሐስ እውነተኛው ላይ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህ ያስኬዳል።

ቀለምም ያው ነው። ሞዴሉ ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለም ወደ ላይ ሲሰላ 2.4 ሚሊ ሜትር ነው። እንዲህ የተቀባ መኪና የበሩ መስመር ይደፈናል፣ ቡሎኖቹ ይዋጣሉ፣ ወራት የፈጀ ሥራ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። መድኃኒቱ በኤርብራሽ (በአየር ግፊት በሚረጭ ትንሽ የቀለም መርጫ) ስስ ንብርብር እየረጩ፣ እየቆዩ መድገም ነው። ይህን ደግሞ በመኝታ ክፍል መስኮት አጠገብ የሚያደርገው ሰው ብዙ ነው፤ አቅም ያላጣም ቢሆን ቦታ አጥቶ።

ስለ አየር ማውጫው ትንሽ እንቆይ፣ ከምንሰበስበው ገንዘብ የመጀመሪያው ወደዚያ ይሄዳልና። ስፖንጅ ማጣሪያ ያለው መርጫ ሳጥን የቀለሙን ብናኝ ይይዛል፤ የማቅጠኛውን ትነት ግን አይዝም። ትነቱ በቧንቧ ከሕንፃው ውጭ መውጣት አለበት። ትነቱ የሚቀጣጠል ስለሆነ ማራገቢያው ብልጭታ ከአየሩ ጋር የማይገናኝበት ዓይነት መሆን አለበት፤ የወጥ ቤት ጭስ መሳቢያ አምጥቶ መግጠም ይረክሳል፣ አናደርገውም። የአቧራ ጭምብልም ለትነት አይሆንም፤ የከሰል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። ማጠንከሪያው አይሶሳያኔት የሆነ ባለ ሁለት ድብልቅ አንጸባራቂ ቀለም ክፍላችን ውስጥ አይረጭም። ውበቱን አንክድም፤ ሳንባን ግን አይምርም። ይህን ደንብ የሚጠላ አባል እንደሚኖር እናውቃለን።

«የሦስት አቅጣጫ ማተሚያ እያለ ፎርማ ምን ያደርጋል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። ማተሚያ አለን፣ እንጠቀምበታለንም። ነገር ግን በ0.05 ሚሊ ሜትር ንብርብር የታተመ ካሶኒ እንኳ ቀለም ሲነካው መስመሩ ብቅ ይላል፤ ስሶቹ ክፍሎችም ቶሎ ይሰበራሉ። ጥሩው መንገድ አንዱን ብቻ አትሞ፣ በፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚቀባ መነሻ ቀለም) እና የልስላሴ ቁጥሩ ከ400 እስከ 2000 በሚደርስ ብርጭቆ ወረቀት እንደ መስተዋት አለስልሶ ዋና ናሙና ማድረግ ነው። በናሙናው ላይ ሲሊኮን ይፈሳል፤ ሲጠነክር ፎርማ ይሆናል፤ ፎርማው ውስጥ ፖሊዩሪቴን ሬዚን ይፈሳል። ሬዚኑ ሲደባለቅ አየር ይይዛል፤ አየሩ ሳይወጣ ከደረቀ ስፖንዳው የተነቀሰ ይመስላል። ስለዚህ ፎርማው ከነሬዚኑ የግፊት ማሰሮ ውስጥ ገብቶ፣ አረፋዎቹ ለዓይን እስኪጠፉ ድረስ ተጨምቀው እዚያው ይደርቃል። ማሰሮው ለዚያ ግፊት ተብሎ የተሠራና የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ያለው መሆን አለበት። ጋራዥ ውስጥ የተበየደ ማሰሮ «በነፃ ልስጣችሁ» ላላችሁን እናመሰግናለን፤ አንቀበልም።

ሲሊኮን ያልቃል። ሬዚኑ እየበላው ከጥቂት ደርዘን ማፍሰስ በኋላ ጠርዙ መቀደድ ይጀምራል። ዋናው ናሙና እስካለ ድረስ ግን ፎርማው ይታደሳል፤ ናሙናው ቢሰበር ፋይሉ አለ፤ ፋይሉ ቢጠፋ በወረቀት የተሣለ ልኬት አለ። ይህን ሁሉ ካንድ ሰው ቁም ሣጥን አውጥተን ብዙ ሰው በሚደርስበት ቦታ ልናስቀምጥ ነው የምንፈልገው።

ወጣቶችንም አስበናል። የአሜሪካው መኪና አምራች ጄኔራል ሞተርስ የመኪና አካል በሚሠራው ፊሸር ቦዲ ክፍሉ በኩል ከ1930 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. የወጣቶች የሞዴል ሥራ ውድድር ያካሂድ ነበር፤ ሽልማቱ የትምህርት ገንዘብ ነበር። በ1947 ያሸነፈው ቻክ ጆርዳን ቆይቶ የዚያው ኩባንያ የዲዛይን ኃላፊ ሆነ። እኛ እንዲህ ያለ ነገር ቃል አንገባም። በሳምንት አንድ ቀን ግን ክፍሉ ለጀማሪዎች ክፍት ይሆናል፤ ሞረድ አያያዝ፣ ልኬት ማካፈል፣ ሻንሲ ቆርጦ ማርዘም በነፃ ይማሩበታል። ያልደረቀ የማተሚያ ሬዚን ቆዳ ላይ ሲደጋገም አለርጂ ስለሚያመጣ፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ወደ ሬዚኑ ጠረጴዛ አይቀርቡም፤ ትልልቆቹም ያለ ናይትራይል ጓንት አይነኩም።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይህን ነው። ገንዘብ ያላችሁ ገንዘብ፤ በቅደም ተከተል ለአየር ማውጫው፣ ለግፊት ማሰሮው፣ ከዚያ ለሲሊኮንና ለሬዚን ይውላል። የተሰበሰበው ለአየር ማውጫው ብቻ ከበቃ እሱን ገጥመን ሌላውን እናቆያለን፤ አንዱን በግማሽ ሌላውን በግማሽ አንጀምርም። ወጪ የሚወጣው በሁለት ሰው ፊርማ ነው፤ ደረሰኙ በየወሩ ክፍሉ በር ላይ ይለጠፋል። ቡድኑ ቢፈርስ ዕቃው ለአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ይሰጣል እንጂ አባላት አይከፋፈሉትም።

ገንዘብ የሌላችሁ የተረፉ ክፍሎች ሳጥናችሁን አስቡ። የአሜሪካው ኪት አምራች ኤኤምቲ በ1958 እ.ኤ.አ. አንዱን መኪና በሦስት መልክ የሚያሠራ ኪት ማውጣት ከጀመረ ወዲህ፣ አንዱ መልክ ሲሠራ የሁለቱ ክፍሎች ይተርፋሉ፤ ይህን ሥራ የነካ ሁሉ እንዲህ ያለ ሳጥን አለው። ለእናንተ የተረፈ ቸርኬ ለሌላው የጠፋበት ነው። ጀምራችሁ የተዋችሁትን ኪትም እንወስዳለን፤ መጀመር እንጂ መጨረስ ያቃተው ሰው እዚህ አይታፈርበትም። ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ያለው ካለ በተለይ እንፈልገዋለን፤ ሻንሲ ቀጥ ማለቱ የሚታወቀው እሱ ላይ ተጋድሞ ነው። ሞርሳ፣ ፒንሳ፣ ካሊፐር፣ ኮምፕሬሰር፣ ሁሉም ያገለግላል።

የጭነት መኪና ሹፌሮችና ባለቤቶች ደግሞ ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር አላችሁ። መኪናችሁ ቆሞ በሚውልበት ቀን ጥቂት ሰዓት ሜትር ይዘን እንድንገባበት ፍቀዱልን። በኮምፒውተር መንደፍ የምትችሉም ሙያችሁን ለግሱን፤ ስማችሁ ከፋይሉ ጋር ይኖራል።

አንድ ነገር አስቀድመን እንናገር። በገበያ ላይ ያለ የሌላ ሰው ሬዚን ሥራ ወይም ኪት አምጥታችሁ «ፎርማ አውጡልኝ» ብትሉ አናደርገውም፤ ድጋፉ የቱንም ያህል ቢሆን። እንዲህ ያሉትን ክፍሎች ብቻውን ሠርቶ የሚሸጥን ሰው ከሥራ የሚያስወጣው ይህ ነው።

ዕቃ የምትልኩ ሰዎች ይህን ጥሪ ላደረሰላችሁ የቡድኑ አባል አስረክቡ። ከማስረከባችሁ በፊት ግን የድሮ ኪት ጎማዎችን ከቸርኬውና ከአካሉ ለይታችሁ በተለየ ላስቲክ ቋጥሯቸው፤ ለስላሳው ጎማ ውስጥ ያለው ማለስለሻ እየወጣ የነካውን ፕላስቲክ ያቀልጣል። በውሃ የሚለጠፉ የጽሑፍና የምልክት ወረቀቶችን ሳታጥፉ በደረቅ ፖስታ አድርጉ፤ ቢጫ ከሆኑም አትጣሏቸው፣ መስኮት ላይ ለፀሐይ ተሰጥተው ብዙ ጊዜ ይነጣሉ። የተከፈተ የሬዚን ወይም የማቅጠኛ ጠርሙስ ከሌላ ዕቃ ጋር አትላኩ።