አሥራ ሦስት ጊዜ የተገለበጠ ኮድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

በቴክኖሎጂ አምዳችሁ ወጣቶች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩ ደጋግማችሁ ስታበረታቱ ቆይታችኋል፤ ለዚህም ምስጋና ይገባችኋል። እኔ ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ከተማሩ በኋላ ስለሚጽፉበት መንገድ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ለሱቆች፣ ለመጋዘኖችና ለትምህርት ቤቶች ተሠርተው የተበላሹ ፕሮግራሞችን ለመጠገን ስከፍት፣ አብዛኛውን ጊዜ የማገኘው ችግር ተመሳሳይ ነው፤ በአንድ ፎርም ላይ ለተደረደሩ ተመሳሳይ ቁልፎችና መሙያ ሳጥኖች ያው አንድ ኮድ በሳጥኖቹ ቁጥር ልክ እየተገለበጠ ተጽፎ ይገኛል። ይህ የአጻጻፍ ውበት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ የጋዜጣችሁን ቦታ ባልተሻማሁ ነበር። ጉዳዩ የሰዎችን ሒሳብ ስለሚያዛባ ነው ለመጻፍ የተገደድኩት።

አንድ ምሳሌ ላቅርብ። አንድ የደሴ የቅቤና የቅመማ ቅመም ነጋዴ የዓመቱን ሽያጫቸውን በየወሩ የሚያሳይ ፕሮግራም አሠርተው ነበር። ፎርሙ ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 መሙያ ሳጥኖች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ሳጥን አጠገብም «መዝግብ» የሚል ቁልፍ ተቀምጧል። ኮዱ ሲታይ እያንዳንዱ ወር የራሱ ፈንክሽን፣ ማለትም አንድን ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል፣ አለው። ፈንክሽኑ በሳጥኑ ውስጥ የተጻፈውን ያነባል፣ ወደ ቁጥር ይለውጣል፣ ባዶ ከሆነ ወይም ፊደል ከተገኘበት ያስጠነቅቃል፣ ከዚያም ቁጥሩን በዳታቤዙ ውስጥ በወሩ ላይ ይደምራል። የመስከረሙ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ለጥቅምት ተገለበጠ፣ ለኅዳር ተገለበጠ፣ እንዲህ እየተባለ እስከ ጳጉሜን ተደረሰ። የወሩ ስም በእያንዳንዱ ቅጂ ውስጥ ሦስት ቦታ ስለሚገኝ፣ የገለበጠው ሰው 36 ጊዜ ስም መቀየር ነበረበት። ሠላሳ አምስቱን በትክክል ቀይሯል። ያመለጠችው አንዲት ቦታ በመጨረሻው ቅጂ ውስጥ፣ ወደ ዳታቤዙ በምትጽፈው መስመር ላይ ነበረች፤ እዚያ ላይ «ነሐሴ» እንዳለ ቀርቷል።

በዚህ የተነሣ የጳጉሜን ሽያጭ ሁሉ በነሐሴ ላይ እየተደመረ ቆየ። የዓመቱ ጠቅላላ ድምር ትክክል ስለነበረ ማንም አላስተዋለም። ስህተቱ የታወቀው ነጋዴው ለእንቁጣጣሽ ገበያ ምን ያህል ቅቤ ማዘጋጀት እንዳለባቸው ለመገመት ያለፈውን ዓመት ጳጉሜን ከፍተው ዜሮ ባገኙ ጊዜ ነው። ለእርሳቸው እነዚያ ጥቂት ቀናት ከዓመቱ ሁሉ ገበያ የሚደራባቸው ናቸው።

ኮምፓይለሩ (የተጻፈውን ኮድ ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው ፋይል የሚለውጠው ፕሮግራም) ይህን ስህተት ለምን አልያዘውም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ ይኖራል። ኮምፓይለር የሚይዘው የማይታወቅ ስም ሲያገኝ ወይም ቁጥር በሚጠበቅበት ቦታ ጽሑፍ ሲያጋጥመው ነው። «ነሐሴ» የሚታወቅ ስም ነው፤ ዓይነቱም ትክክል ነው። በግልበጣ የሚመጣ ስህተት ክፋቱ ይኸው ነው፤ ኮዱ ሰዋስዉን የጠበቀ፣ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ኮምፓይል የሚደረግ፣ ትርጉሙ ግን የተሳሳተ ይሆናል። ስህተቱም በመጀመሪያዎቹ ቅጂዎች ሳይሆን የጸሐፊው ትኩረት በሚላላባቸው በመጨረሻዎቹ ላይ የመገኘት ዝንባሌ አለው።

መፍትሔው ለሙያው አዲስ አይደለም። 13ቱን ሳጥኖች በአንድ አሬይ (አባላቱን በተራ ቁጥር በሚይዝ ዝርዝር) ውስጥ በቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ የወሮቹን ስምና የቀናቸውን ብዛት ከጎኑ በሌላ ሠንጠረዥ መያዝ፣ ከዚያም የማንበቡን፣ የማረጋገጡንና የመመዝገቡን ሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ጽፎ በሉፕ (አንድን ሥራ በሚደጋግም ትእዛዝ) ወይም በተራ ቁጥር መጥራት ነው። እንዲህ ሲሆን ስሙ የሚቀየርበት ቦታ ራሱ ስለማይኖር፣ መቀየሩን መርሳት የሚባል ነገርም አይኖርም። የጳጉሜን ልዩ ጠባይም በአንድ መስመር ይፈታል፤ በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ቀን እንደሚሆን፣ ማለትም በ2011 እና በ2015 እንደሆነው ሁሉ በ2019ም እንደሚሆን፣ ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪው 3 መሆኑን በማየት ማወቅ ይቻላል። ይህ ስሌት በተገለበጠ ኮድ ውስጥ በየፈንክሽኑ ተበትኖ ሲገኝ አንዱ ቦታ ታርሞ ሌላው ሳይታረም መቅረቱ አይቀሬ ነው።

ብዙ ወጣቶች እዚህ ላይ የሚደናገሩበት አንድ ነጥብ አለ፤ ጊዜ ወስጄ ላብራራው የምፈልገውም እሱን ነው። ፎርም መንደፊያ መሣሪያዎች ሳጥን በጎተትን ቁጥር «ሳጥን1»፣ «ሳጥን2»፣ «ሳጥን3» እያሉ ስም ይሰጣሉ። ተማሪው ስሞቹ በቁጥር ብቻ እንደሚለያዩ ሲያይ «ሳጥን» ከሚለው ቃል ጋር የሉፑን ቁጥር አገናኝቼ ልጥራው ይላል። እንደ ፓይተን ባሉ ቋንቋዎች ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ስም ገንብቶ መፈለግ ይቻላል። እንደ ሲ ፕላስ ፕላስ ባለ ኮምፓይል በሚደረግ ቋንቋ ግን የቫሪያብሉ (የዕሴት መያዣው) ስም ለጸሐፊውና ለኮምፓይለሩ ብቻ የተሰጠ ነው፤ ሥራው አልቆ ፕሮግራሙ ሲወጣ ስሙ ቀርቶ በኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ ያለው አድራሻው ብቻ ይተርፋል። የሌለን ስም መጥራት አይቻልም። ተማሪው ይህን ሲረዳ ተስፋ ቆርጦ ወደ ግልበጣ ይመለሳል፤ መምህሩ ሊያገኘው የሚገባው በዚህች ቅጽበት ነው።

እርግጥ ነው፣ በአንዳንዶቹ መሣሪያዎች በስም መፈለግ ይቻላል። ዴልፋይ የተባለው መሣሪያ የእያንዳንዱን አካል (ሳጥን ወይም ቁልፍ) ስም ከፎርሙ ጋር ስለሚያስቀምጥ በስም የሚፈልግ ፈንክሽን አለው፤ ሲ ሻርፕ በተባለው ቋንቋም ስሙ የሳጥኑ አንድ ንብረት ሆኖ ስለሚቀመጥ ፎርሙ የያዛቸውን አካላት በስም መፈለግ ይቻላል። እኔ ይህን መንገድ አልመክርም። በጽሑፍ የተገነባ ስም በአንድ ፊደል ቢሳሳት ኮምፓይለሩ አያየውም፤ ስህተቱ የሚወጣው ደንበኛው ፊት ነው። ከዚህ ይልቅ ፎርሙ ሲከፈት 13ቱን ሳጥኖች አንድ ጊዜ ወደ አሬይ ማስገባት ይሻላል፤ በዚያች አንድ ቦታ ላይ ስሞቹን ኮምፓይለሩ ያረጋግጣቸዋል፣ ከዚያ ወዲያ የሚሠራው በተራ ቁጥር ብቻ ነው። ተራ ቁጥሩ በአብዛኞቹ ቋንቋዎች ከ0 እንደሚጀምር፣ ስለዚህም ጳጉሜን 13ኛ ወር ሳለ ቁጥሩ 12 እንደሆነ መዘንጋት ግን አይገባም። ሲ ፕላስ ፕላስ ከተራው አሬይ ወሰን ቢታለፍ እንኳ የግድ አያስጠነቅቅም።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ፈንክሽን ለ13 ቁልፎች ካገለገለ የተጫነው የትኛው እንደሆነ በምን ያውቃል የሚለው ነው። ለዚህ መልስ ከተሰጠ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ቪዥዋል ቤዚክ 6 አንድ ስም የሚጋሩ ቁልፎችን በተራ ቁጥር እየለየ ቁጥሩን ለፈንክሽኑ ያቀብል ነበር፤ በ2002 የመጣው የዶት ኔት ቪዥዋል ቤዚክ ይህን አሠራር ቢተወውም በምትኩ አንድ ፈንክሽን ከብዙ ቁልፎች ጋር እንዲታሰር ፈቅዷል፣ የተጫነውንም ቁልፍ ራሱን ያቀብለዋል። በ1995 የወጣው ዴልፋይም ላኪውን፣ ማለትም የተጫነውን አካል፣ ከማቀበሉ በላይ በእያንዳንዱ አካል ላይ ጸሐፊው የፈለገውን ቁጥር የሚለጥፍበት ቦታ ሰጥቶ ነበር። በጃቫ የኢቬንቱን ማለትም የድርጊቱን ምንጭ መጠየቅ ይቻላል። ኪውቲ የተባለው የፎርም መሥሪያ የሚሰጠው የቁልፍ ስብስብ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁልፍ የተሰጠውን መለያ ቁጥር ይመልሳል።

በሉፕ ውስጥ ለየቁልፉ አጭር ስም የለሽ ፈንክሽን መስጠት ዛሬ የተለመደው መንገድ ነው፤ ነገር ግን ወጥመድ አለበት። በሲ ሻርፕ ከ0 ተነሥቶ እስከ 12 የሚቆጥር ተራ ሉፕ ቢጻፍና ስም የለሾቹ ፈንክሽኖች የሉፑን ቆጣሪ ቢጠቀሙ፣ 13ቱም የሚያዩት ያንኑ አንድ ቆጣሪ ነው። ሉፑ ሲያበቃ ቆጣሪው 13 ላይ ይቆማል፤ ስለዚህ መስከረምም ተጫነ ጥር ሁሉም የሌለውን ተራ ቁጥር 13ን ይጠይቁና ፕሮግራሙ ይወድቃል። መከላከያው በሉፑ ውስጥ ቆጣሪውን ወደ አዲስ ቫሪያብል መገልበጥና እሱን መጠቀም ነው። አባላትን አንድ በአንድ በሚያነሣው ሌላኛው የሉፕ ዓይነት ላይ ይህ ችግር እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣው ሲ ሻርፕ 5 ተስተካክሏል፤ በተራው ሉፕ ላይ ግን እስካሁን አለ። ጃቫ እ.ኤ.አ. በ2014 በስምንተኛው እትሙ ስም የለሽ ፈንክሽን ሲያመጣ የሚለዋወጥን ቆጣሪ መያዝ ከነጭራሹ ስለከለከለ ስህተቱን ኮምፓይለሩ ይይዘዋል። እኔ የጃቫን ጥብቅነት እመርጣለሁ፤ በተለይ ለጀማሪ።

የተለያየ ዓይነት ያላቸውን አካላት በአንድ አሬይ መያዝ አይቻልም የሚል አስተሳሰብም ያጋጥመኛል። ይቻላል። መሙያ ሳጥኑም፣ ምልክት ማድረጊያውም፣ ቁልፉም ከአንድ የጋራ ወላጅ የሚወርሱ ስለሆኑ በወላጃቸው ዓይነት በተሠራ አሬይ አብረው ይቀመጣሉ፤ ለምሳሌ ሁሉንም በአንድ ሉፕ መቆለፍ ወይም መክፈት ይቻላል።

ሦስት ቁልፍ ብቻ ላለው ፎርም ይህን ሁሉ መድከም አያስፈልግም የሚሉኝ የሙያ ባልደረቦች አሉ፤ ትክክል ናቸው። መመዝገቢያ፣ መሰረዣና መዝጊያ ቁልፎች ሥራቸው ስለሚለያይ ለየብቻቸው ቢጻፉ ይሻላል፤ እነርሱን በግድ ወደ አንድ ፈንክሽን መክተት ሌላ ውስብስብነት ይፈጥራል። እኔ የምቃወመው ሥራቸው አንድ የሆነ፣ በስማቸው ብቻ የሚለያዩ አካላት በተናጠል ሲጻፉ ነው።

ለወሎ ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለን። አካባቢያችን አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አርጎብኛና አፋርኛ ጎን ለጎን የሚነገሩበት ነው። ለደሴ የተሠራው ፕሮግራም ነገ ለከሚሴ ወይም ለባቲ ነጋዴ ሲፈለግ የሳጥኖቹ ስያሜ በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ካለ ሠንጠረዡን መተርጎም ይበቃል። ስያሜው በየፈንክሽኑ ውስጥ ተበትኖ ከሆነ ግን ፕሮግራሙን እንደ አዲስ መጻፍ ይቀላል፤ ያ ደግሞ ስለማይሆን ደንበኛው በማይናገረው ቋንቋ እንዲጠቀም ይገደዳል።

ኮምፓይል የተደረገ ፕሮግራም ሌላም ጣጣ አለው። ደንበኛው የሚረከበው ያለቀለትን ፋይል ነው፤ ሶርስ ኮዱ (ሰው የጻፈው ዋናው ኮድ) ጸሐፊው ዘንድ ይቀራል። ጸሐፊው ሥራ አግኝቶ ወደ አዲስ አበባ ከሄደ በኋላ ስህተት ቢገኝ፣ ማንም ፋይሉን ከፍቶ ያቺን አንዲት «ነሐሴ» ወደ «ጳጉሜን» በቀላሉ ሊለውጣት አይችልም። ስለዚህ ፕሮግራም የምታሠሩ ወገኖች ክፍያውን ከማጠናቀቃችሁ በፊት ሶርስ ኮዱን መረከባችሁን በውላችሁ ውስጥ እንድታስገቡ አሳስባለሁ።

ወደ መምህራን ልመለስ። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የደሴና የኮምቦልቻ ግቢዎች፣ በወልድያ ዩኒቨርሲቲና በቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን የምታስተምሩ ሁሉ፣ ተማሪው ፕሮጀክቱን ሲያቀርብ የታተመውን ኮድ ውፍረት የትጋት ማስረጃ አድርጋችሁ እንዳትወስዱት እለምናለሁ። በዚያ ፈንታ ፎርሙን ከፍቶ እዚያው በፊታችሁ አንድ ተጨማሪ መሙያ ሳጥን እንዲጨምርበት ጠይቁት፤ ሳጥኑ እንዲነበብ፣ እንዲረጋገጥና እንዲመዘገብ ለማድረግ ስንት ቦታ እንደሚነካም ቁጠሩ። በሠንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ጨምሮ፣ ሳጥኑን ወደ አሬዩ አስገብቶ ከጨረሰ ትምህርቱ ገብቶታል። አንድ ሙሉ ፈንክሽን ገልብጦ ስም መቀያየር ከጀመረ ግን ፕሮጀክቱ ተመልሶ እንዲሠራ ይደረግ። ይህን ለመጠየቅ አዲስ ላቦራቶሪም ሆነ ልዩ በጀት አያስፈልግም፤ ከመጪው ሴሚስተር ጀምሮ ሊሞከር ይችላል።

ከአክብሮት ጋር
የፕሮግራም ባለሙያ፣ ከደሴ